መብራት ሲመጣ ማን ይቅደም?

«እኛ» ስንል ሁለት ወንድማማቾች ነን። አንዳችን ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥረን እንሠራለን፤ አንዳችን ደግሞ ዲግሪያችንን በፍሬም አድርገን ግድግዳ ላይ ከሰቀልን በኋላ የተገኘውን እየሠራን የሚገኘውን እንጠብቃለን። ሪሞት ከመነጣጠቅ በቀር ብዙም የማንለያይ ስለሆንን ዛሬም በአንድ አፍ ነው የምናወራችሁ። የምንኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ ከእማዬና ከታናሽ እህታችን ከሚጡ ጋር፣ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ።

ስለ መብራት መጥፋት መቼም ያልተባለ ነገር የለም። ተቀልዶበታል፣ ተማርሮበታል፣ ቲያትር ሁሉ ሳይሠራበት አልቀረም። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ስለ መምጣቱ ነው። ምክንያቱም በእኛ ቤት ጠብ የሚነሳው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው።

የምራችንን ነው። መብራት ሲጠፋ እኮ ሰው እንዴት እንደሚዋደድ! ሻማ ይለኮሳል፣ ከሰሉ መሀል ይቀመጣል፣ ድንች ፍም ውስጥ ይቀበራል (የጉና ድንች ነው፣ አትቀልዱ)፣ አራታችንም ጋቢ ተከናንበን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። እማዬ የተወለደችበትን የገሳይን ወሬ ታመጣለች፤ የትኛዋ ጎረቤት በየትኛዋ ጎረቤት በግ ምክንያት ስንት ዓመት እንደተኳረፈች እንሰማለን። ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም፤ የሚጋጭበት ነገር የለማ! ልክ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ግን ፍቅር እዚያው አለቀ። እማዬ ወደ ምጣዷ ትሮጣለች። ሚጡ ወደ ደብተሯ። እኛ ወደ ቴሌቪዥኑ። ድንቹ ፍም ውስጥ ያርራል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ አለን፣ ቆጣሪው አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይበላል። ቴሌቪዥናችን የሚፈልገው መቶም አይሞላም። በሌላ አነጋገር የእማዬ አንድ ምጣድ ወደ 40 ቴሌቪዥን ያህል ናት ማለት ነው። እሷ ስትሰካ አምፖሉ እንደ ታመመ ሰው ዓይን ይደበዝዛል፣ የሪሲቨሩ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከጎረቤት ሌላ ምጣድ ከተጨመረ ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርድና መብራት በመጣ በሦስተኛው ደቂቃ አራቱም ቤት ጨለማ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ አከራያችን ጋቢያቸውን ደርበው ይወጡና በባትሪ እያበሩ «ማነው የሰካው?» ይላሉ። ሁሉም ሰው «እኔ አይደለሁም» ይላል። ሊጡ ሳህን ላይ እየተንጠባጠበ የቆመች ሴት ሳትቀር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስረዳችሁ። እማዬ እንጀራ የምትጋግረው ለእኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። አባባ ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዘችው በምጣዷ ነው። ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለጥቂት ላጤዎች በየቀኑ ታስረክባለች። ሊጥ ደግሞ ትእዛዝ አይቀበልም። አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ለመጋገር ከደረሰ በኋላ «መብራት እስኪመጣ ታገሠኝ» አይባልም፤ አንድ ቀን ካደረ ይኮመጥጣል፣ ሁለት ቀን ካደረ ደንበኛ ያሸሻል። በእንጨት መጋገር አለ እርግጥ። ግን አከራያችን ጢስ አይወዱም፣ የእማዬም ዓይን ጢስ አይወድም። ስለዚህ መብራት በመጣበት ሰዓት ነው የሚጋገረው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከመጣ በ7 ሰዓት። እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን የምጣዱን ክዳን ድምፅ እየሰማን፣ የእንጀራው ሽታ አፍንጫችን ላይ እየመጣ፣ ተነስተን እንርዳ ወይስ ተኝተን እንምሰል እያልን ስንቴ ነግቶብናል መሰላችሁ። (ተነስተናል። አብዛኛውን ጊዜ።)

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ እንምጣ።

ቴሌቪዥናችን ራሱ ደህና ነው። መከራው ዲሹ ነው። በፊት ሰሃኑ ወደ ምዕራብ ነበር የሚያየው፣ ናይልሳትን። ወደ 2012 ዓ.ም. ግድም የአገራችን ጣቢያዎች ተሰብስበው ኢትዮሳት ወደሚባለው ሲሻገሩ የአገሪቱ ዲሽ በሙሉ አንገቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር ነበረበት። ያን ሰሞን ደብረ ታቦር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያልወጣ ጎልማሳ አልነበረም። አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ መጣ… ጠፋ!» «ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?» «ወደ ነበረበት!» በአንድ ሰፈር አሥር ቤት በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲጯጯህ ለመንገደኛ ምን ይመስለው ነበር ጃል!

አዲሱ ሳተላይት ደግሞ ለእኛ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ሰሃኑ ልክ እንደ ለማኝ እጅ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰሃን ደብረ ታቦር ላይ ምን እንደሚጠራቀምበት መገመት አያቅትም። ክረምት ዝናብ፣ አንዳንዴ በረዶ። ከጉና የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ጥበበኛ ነው፤ ሰሃኑን ጨርሶ አይጥለውም፣ ጣት በምታህል ብቻ ያዛንፈዋል። ያቺ ጣት የምታህል ግን ድራማው ልክ ሰውየው «የልጁ አባት እኔ…» ሲል ስክሪኑን ወደ ሰማያዊ ለመቀየር ትበቃለች።

አንድ ጊዜ አስተካካይ ጠራን። «ነገ እመጣለሁ» አለን። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ነገ» ነበር። ለነገሩ ይሄ ከተማ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። አጤ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስጠረጉ፣ ገደል እያስወጡና እያስወረዱ ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ መቅደላ አድርሰውታል። በሰው ጉልበት! እኛ የጠየቅነው ሰሃን ጣት የምታህል እንዲዞርልን ነው። በመጨረሻ እኛው ወጣንና በጋፋት መንፈስ በድንጋይና በሽቦ አሰርነው። እስከ ዛሬ አለ።

አያችሁ፣ ለአንድ ስክሪን ይሄን ሁሉ የምንሆነው ሱሰኛ ስለሆንን ብቻ አይደለም። ልጅ ሆነን ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። ቪዲዮ ቤት ነበር የምንገባው፤ ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠባብቀን፣ የህንድ ፊልም እያየን፣ ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ሰው ባርኔጣውን እንዲያወልቅ እየለመንን። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን የገባው አባባ በሕይወት እያለ ነው፤ ያን ሰሞን ገመና ድራማ የሚታይበት ጊዜ ነበር፣ በኋላም ሰው ለሰው መጣ። የግቢው ሰው በሙሉ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነበር። አባባ ድራማ ሊጀምር ሲል በር ላይ ቆሞ «ግቡ ግቡ» ሲል የሠርግ አባት ይመስል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና መጥቶ ቱርኮቹ አማርኛ ሲናገሩ ደግሞ ሰብሳቢነቱ ወደ እማዬ ዞረ። የአገራችን ፊልም ሠሪዎች «ገበያችንን ሊዘጋብን ነው» ብለው ቅሬታ ሲያሰሙ እማዬ ቡና እያፈላች ከጎረቤቶቿ ጋር ስለ ቱርክ አማቶች ክፋት ትወያይ ነበር። ፍርዷ ደግሞ አጭር ነው፦ «ይቺ ሴትዮ ጠበል ያስፈልጋታል።»

ከዚያ 2013 መጣ። በነሐሴ ወር ውጊያው ወደ ከተማችን ተጠግቶ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ ያረፈበትን፣ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳለ ከነቤተሰቡ የሞተበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። እሱን እዚህ አናወራውም። የምናወራው ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስለተለወጠች አንዲት ትንሽ ነገር ነው። እማዬ የተኩስ ድምፅ ያለበት ፊልም አታይም። አትነሳም፣ አትቆጣም፣ ዝም ብላ እጇን ትዘረጋለች፤ ሪሞቱን እንሰጣታለን፣ ድምፁን ታጠፋዋለች። ስለዚህ እኛ ቤት ጀግና ሰው ሲታኮስ በጸጥታ ነው የሚታኮሰው። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ «ቴሌቪዥናችሁ ድምፁ ተበላሸ እንዴ?» አለን። አዎ አልነው።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ እኛ ወጣቶቹ ወደ አባቶቻችን ዘመን ተመለስን። ለብዙ ወራት ዩቲዩብ የለ፣ ቲክቶክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ሞተው የነበሩት ሙዚቃ ቤቶች ተነሱ። ሚሞሪ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ይጭንላችኋል፣ ፊልምም ተከታታይ ድራማም በፍላሽ ትገዛላችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው «ፍላሽ ይዘሃል?» ይባላል እንጂ «እንዴት ከረምክ?» አይባልም ነበር። ማታ ማታ በጊዜ መግባት ግዴታ ሆነ። ውጪ መዋል ቀረ፣ ሰው ቤቱ ተቀመጠ፤ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ያው ቴሌቪዥኑ ነው። በአጭሩ ያ ስክሪን ለእኛ መስኮት ነበር። በቀላሉ የምንለቀው ነገር አልነበረም ለማለት ነው ይሄን ሁሉ የምንዘበዝበው።

ሚጡ በ2017 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ገባች።

እዚህ ቤታችን ውስጥ ያለው አየር ተለወጠ። ወላጅ የሆናችሁ፣ ታናሽ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ ቁጥሩ ሰው ያስደነግጣል። በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015ቱ 3.2። በ2016ቱ 5.4። ከመቶ ተማሪ ማለት ነው እንግዲህ! በእኛ ጊዜ ግማሽ ማምጣት የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም፤ እኛ ራሳችን በሰላም አምጥተን ተመርቀን ይኸው ግድግዳ ላይ ተሰቅለናል። የሚጡ ነገር ግን ሌላ ነው። በኮሮና ትምህርት ተዘጋ፣ በጦርነት ተዘጋ፣ በ2016 ደግሞ ስንት ሳምንት ትምህርት ቤት እንደሄደችና ስንት ሳምንት ቤት እንደዋለች ቆጥራ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የሁለቱን ዓመት ትምህርት በአንድ ዓመት አጥንታ ነው መግባት የነበረባት።

ታዲያ የት ታጥና? ማደሪያ ክፍል ውስጥ አምፖል የለም፤ ሽቦው ከተቃጠለ ቆይቷል፣ አከራያችን «እናሠራዋለን» ካሉ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ብርሃን ያለው ክፍል አንድ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ምጣዱ አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ጠረጴዛው አለ። መብራት በመጣ ቁጥር ሦስቱ ይፋጠጣሉ።

በመጀመሪያ ለማስታረቅ ሞከርን። ድምፅ ቀንሰን እናያለን አልን። ሚጡ ጀርባዋን ሰጥታን ታጠናለች፤ ግን ኳስ ሲሆን ጎል ሲገባ ድምፅ ተቀነሰም አልተቀነሰ ከመካከላችን አንዳችን ያቃስታል። አንዳችን የአርሰናል ደጋፊ ነን፣ ማቃሰት ልማድ ነው። አንድ ማታ ሚጡ ዞር ሳትል፣ እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ፣ «እናንተ ጨርሳችኋል፣ እኔ አልጀመርኩም» አለች። ይህን ብቻ። እማዬ ሊጥ የያዘውን እጇን አየር ላይ አቁማ ሁለታችንንም አየችን። አያያይዋን አትጠይቁን።

ፍርዱ የተሰጠው በማግስቱ ነው፣ ቡና ላይ። እማዬ እንደ ዳኛ ናት፣ ሦስተኛው በረካ ሳይወርድ ፍርድ አትሰጥም። «መብራት ሲመጣ ልጅቱ ትቅደም» አለች። «ምጣዱ ከእሷ በኋላ። ያ ሰይጣን» (ቴሌቪዥኑን ነው) «ፈተናው እስኪያልቅ ይተኛ።»

እኛ ዝም አልን። የደነቀን ስለ ቴሌቪዥኑ አልነበረም። ምጣዱንም ማስቀደሟን ትተዋለች ብለን አልጠበቅንም። እንደነገርናችሁ ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ በደብዛዛ አምፖል ፊዚክስ አይነበብም። ስለዚህ መብራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከመጣ ሚጡ እስከ 5 ሰዓት ታነባለች፣ እማዬ ከ5 ሰዓት በኋላ ትሰካለች። መብራቱ 4 ሰዓት ላይ ተመልሶ ከጠፋስ? ያን ቀን እንጀራ የለም ማለት ነው። ያን ቀን ገንዘብ የለም ማለት ነው። አንደኛው ምግብ ቤት በጥር ወር ደንበኝነቱን አቋረጠ፤ እማዬ ለሚጡ አልነገረቻትም፣ እኛንም «ትንፍሽ እንዳትሉ» አለችን። አሁን ሚጡ ይሄን እያነበበች ነው የምትሰማው፤ እማዬ ይቅር በይን።

ቴሌቪዥኑን በአሮጌ ነጠላ ሸፈንነው። የሞተ ሰው መሰለ። በመጀመሪያው ሳምንት መብራት ሲመጣ እጃችን በልማድ ወደ ሪሞቱ ይሄድ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ኳስ ቤት እንሄዳለን። መብራት በጠፋበት ቀን ጄነሬተር ያለው ቤት መግቢያውን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለሁለት አንድ ትኬት የሚያዋጣ ነገር ቢኖር ብለን ፈልገን አላገኘንም። እየተፈራረቅን መግባት ጀመርን። አንዱ ገብቶ አይቶ ሲወጣ ለሌላው ይተርካል። ተረካው ከጨዋታው ይበልጣል፤ በእኛ ትረካ አርሰናል ተሸንፎ አያውቅም።

በመጋቢት አያታችንን ልንጠይቅ ገሳይ ሄድን። ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ከከተማችን የባሰ ብርድ ያላት ከተማ ናት። አያታችን ስለ መብራት ጣጣችን ስንነግራት ገረማት። እሷ ሬዲዮ ነው ያላት። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ እንደ በርበሬ፤ ማታ ትመልሰዋለች፣ ትንሽ ቀን ይሠራል። «እናታችሁ እኮ ልጅ ሆና ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ልትሰማ ስትሄድ ነው የምገርፋት የነበረው» አለችን። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ እማዬ ውኃ ቅጅ ተብላ ወጥታ እንስራዋን ሰው በር ላይ አስቀምጣ ትቀር ነበር አሉ። ይሄን እማዬ ነግራን አታውቅም። የበጓን ታሪክ መቶ ጊዜ ስትነግረን ይቺን ለምን እንደዘለለችው አሁን ገባን፤ «ያ ሰይጣን» ብላ ለመፍረድ ይቸግራት ነበራ!

በዚያ ሁሉ ወር ቤታችን ውስጥ የነበረው መዝናኛ ሚጡ ናት ብንላችሁ ታምኑናላችሁ? ጮክ ብላ ነው የምታጠናው። እማዬ ተራዋ እስኪደርስ አጠገቧ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። በእንግሊዝኛ የምትለው ምን እንደሆነ በየመሀሉ «እሱ ምንድነው?» ትላለች፣ ሚጡ በአማርኛ ታስረዳታለች። አስተማሪዎች የሚሉት እውነት ነው፤ ያስረዱት አይረሳም። ሚያዝያ ላይ እማዬ ማይቶኮንድሪያን ከእኛ የተሻለ ታውቅ ነበር። «የሕዋሷ ምጣድ ናት» ትላለች። አንድ ማታ ሚጡ ስለ ሌላ ምዕራፍ ስታነብ እማዬ ቅር ብሏት «ያቺ ባለ ምጣዷ ዛሬ የለችም?» አለች። ልክ ተከታታይ ድራማ ላይ የምትወዳት ገጸ ባሕርይ የቀረችባት ይመስል።

ፈተናው ክረምት መግቢያ ላይ ደረሰ። የሚገርመው የተመደበችው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ ብርድ ልብስ ተሸክማ ገባች፤ ስልክ አይገባም፣ ተፈታኝ አይወጣም። እማዬ በሶና ቆሎ ቋጠረችላት፣ እንደ ዘማች። በእነዚያ ቀኖች መብራት ሲመጣ ማንም ቀዳሚ አልነበረም። ምጣዱን ወዲያው መሰካት ይቻል ነበር፣ ቴሌቪዥኑንም መግለጥ ይቻል ነበር። እማዬ ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት ሳይሆን አልሰካችም። «ለምደነዋል» አለች። እኛም ነጠላውን አላነሳንም።

ከዚያ ቡሄ ሆነ። ስሟን ከታቦር የወሰደች ከተማ ውስጥ የደብረ ታቦር በዓል ምን እንደሚመስል ላልመጣችሁ ማስረዳት ይከብዳል። ነሐሴ 12 ማታ ችቦው በየደጁ ሲበራ፣ ጅራፉ ከየአቅጣጫው ሲጮህ፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ከግቢ ግቢ ሲዞሩ፣ እማዬ ሙልሙል በሰፌድ ይዛ በር ላይ ቆመች። ያን ማታ መብራት ነበረ አልነበረ እስከ ዛሬ አናስታውስም። ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ግን እማዬን እናያት ነበር። አንድ ሁለቴ ደንገጥ አለች። ከዚያ ልጆቹ ደረሱና ሙልሙሉን እያደለች ሳቀች።

ውጤት የወጣው በመስከረም 2018 መግቢያ ነው። እንደምታውቁት ያን ዓመት ያለፈው 8.4 በመቶ ነው፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለ፣ ለማንም ወላጅ እንቅልፍ ለመስጠት ግን የማይበቃ። ሚጡ በእኛ ስልክ ቁጥሯን አስገባች። ገጹ ይሽከረከራል። ይሽከረከራል። ኔትወርክ ሄደ። ጣሪያ ላይ ወጣን፣ ዲሹ አጠገብ፣ እዚያ ትንሽ ይሻላል። ታች ሆና እማዬ «መጣ?» ትላለች። «አልመጣም!» «አሁንስ?»

መጣ። ከ600፣ 291።

ግማሽ 300 ነው። ዘጠኝ ነጥብ። ሚጡ ከጣሪያው አልወረደችም፤ ብዙ ሰዓት እዚያው ሰሃኑን ተደግፋ ተቀመጠች። ዘጠኝ ነጥብ ስንት ማታ እንደሆነ ሁላችንም በየልባችን እያሰላን ነበር መሰለን። የጠፋበት ማታ፣ ብሬከር የወረደበት ማታ፣ ሻማ ያለቀበት ማታ። እማዬ ብቻ ናት ያላሰላችው። «ስንት ሰው ነው ከዚህ በታች ያለው?» አለች። ብዙ ነው አልናት። «ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው ጣሪያ ላይ የተኮለኮላችሁት? ውረዱ፣ ቆርቆሮው ይጎብጣል።»

ውጤቱ ለሪሚዲያል ይበቃል። ጥቂት ወራት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተምሮ እንደገና ፈተና ወስዶ ካለፉ ወደ አንደኛ ዓመት መግባት ነው። ሚጡ ሩቅ ደረሳት። ሻንጣዋን ስናሰናዳ የጠረጴዛ መብራት ልንገዛላት ገበያ ወጣን፤ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ሁለታችንም አንድ ላይ «ቻርጅ ይይዛል?» አልነው። ይይዛል። ገዛንላት።

አሁን ቤቱ ውስጥ ሦስት ነን። ቴሌቪዥኑ ተገልጧል፤ አንዳንድ ቀን ይበራል፣ አንዳንድ ቀን ሦስታችንም ረስተነው እናድራለን። ያቋረጠው ምግብ ቤት በኅዳር ተመልሶ መጣ፣ እማዬ ዋጋ ጨምራ ተቀበለችው። መብራት ሲመጣ ወዲያው ትሰካለች፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ እኛም በደብዛዛው እናያለን።

ሚጡ የገባችበት ግቢ ጄነሬተር አለው አሉ። እማዬ ግን በደወለች ቁጥር ከ«ደህና ነሽ?» በፊት የምትጠይቃት «መብራት አላችሁ?» ብላ ነው። ሚጡ ደግሞ «አለ እማዬ፣ አንቺስ ጋገርሽ?» ትላታለች።